ሁለት ሊጥ በአንድ መጋገሪያ፦ ማርብል ኬክ በድሬዳዋ ሙቀት

በግንቦት ወር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ወጥ ቤት፣ ቅቤ ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። መጀመሪያ ጠርዙ ይረግባል። ከዚያ ላዩ ማብረቅረቅ ይጀምራል። ቀጥሎ ከሥሩ ቢጫ ዘይት እየወጣ ሳህኑ ላይ ይንጣለላል። በእጃችን የሚገባው የኬክ አዘገጃጀት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ቅቤው ለአንድ ሰዓት ያህል በክፍል ሙቀት ይቆይ» ብሎ ይጀምራል። ያ ክፍል የእኛ ክፍል አይደለም። ጸሐፊው ያሰበው 20 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ቀዝቃዛ አገር ወጥ ቤት ነው፤ የእኛው በዚያ ወር ከ30 ዲግሪ ያልፋል። በድሬዳዋ ቤታቸው ኬክ የሚሞክሩ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህችው የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን በዱቄቱ፣ በምድጃው፣ ሲከፋም «እጄ ኬክ አይሆንለትም» ብለው በራሳቸው ሲያላክኩ እሰማለሁ። ይህ ያሳዝነኛል፤ እጃቸው ምንም አልሆነም።

ማርብል ኬክን የመረጥሁት ጥፋትን የማይደብቅ ኬክ ስለሆነ ነው። ነጭ የቫኒላ ሊጥና ቡናማ የቸኮሌት ሊጥ በአንድ መጋገሪያ ውስጥ ተጠላልፈው ይጋገራሉ፤ ሲቆረጥ እንደ እብነ በረድ ሥር ቡናማው በነጩ ውስጥ ይጠማዘዛል፣ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ጀርመኖች ይዘውት ሄደዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዱን ሊጥ የሚያጠቁሩት በሞላሰስና በቅመም ነበር፤ ቸኮሌቱ በኋላ ቦታውን ያዘ።

አንድ ወጥ ኬክ ትንሽ ቢደርቅ ወይም ትንሽ ቢከብድ በሻይ ይወርዳል። ማርብል ኬክ ላይ ግን ሁለቱ ሊጦች ጎን ለጎን ስለቆሙ ልዩነታቸው ወዲያው ይታያል። የሚሰነጠቀው በቀለሞቹ ድንበር ላይ ነው፤ ቸኮሌቱ ደርቆ ይፈረፈራል፣ ወይም ከታች ወርዶ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ነገሩ ጥማድ በሬ እንደ ማረስ ነው። አንዱ በሬ ፈጥኖ ሌላው ከዘገየ ትልሙ ይጣመማል። ሁለቱ ሊጦች እኩል ውፍረት፣ እኩል እርጥበት፣ እኩል የመነሣት ኃይል ኖሯቸው ወደ እሳቱ ከገቡ፣ የቀለሙ ውበት በራሱ ይመጣል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ግን በመጨረሻው ደቂቃ ማንኪያውን እንዴት እንደሚያዞር ነው። እኔ የምለው፣ ማንኪያው ከመነሣቱ በፊት አብዛኛው ነገር ተወስኗል።

መጠኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የገበታ ቅቤ 200 ግራም፣ ስኳር 190 ግራም፣ ያለ ቅርፊቱ የተመዘነ እንቁላል 200 ግራም፣ የፉርኖ ዱቄት 250 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር ልክ የሆኑ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ወተት 80 ሚሊ ሊትር፣ ቫኒላ 2 የሻይ ማንኪያ። ለቸኮሌቱ ክፍል ደግሞ ለብቻው የኮኮዋ ዱቄት 25 ግራም፣ ትኩስ ወተት ወይም ቡና 40 ሚሊ ሊትርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር።

እንቁላሉን በቁጥር ሳይሆን በግራም የጻፍሁት አውቄ ነው። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ነው፤ ቅርፊቱ ሲወጣ 40 ግራም እንኳ የማይሞላ ብዙ አለ። የፈረንጅ የምንለው 50 ግራም አካባቢ ይሆናል። «አራት እንቁላል» የሚለውን አዘገጃጀት በአራት የሀበሻ እንቁላል ብትሠሩት ከሚያስፈልገው ፈሳሽና ከሚያያይዘው ነገር አምስተኛውን ያህል ቀንሳችኋል ማለት ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ከሀበሻው አምስት፣ በጣም ትንንሽ ከሆኑ ስድስት አድርጉ። ጣዕሙንና የአስኳሉን ቢጫነት ከጠየቃችሁኝ እኔ የሀበሻውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ቅቤው ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና።

ኬክ የሚነፋው ቤኪንግ ፓውደር ስለሚጨመርበት ብቻ ይመስለናል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አዲስ ቀዳዳ አይፈጥርም፤ አስቀድሞ ሊጡ ውስጥ ያለውን የአየር ቀዳዳ ነው የሚያሰፋው። ያንን ቀዳዳ የሚፈጥረው ቅቤና ስኳር አብረው ሲመቱ ነው። የስኳሩ ፍሬ ስለታም ጠርዝ አለው፤ በጠነከረ ቅቤ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እየሰረሰረ በዓይን የማይታዩ የአየር ኪሶችን ይተዋል። ቅቤው ጠንካራ ከሆነ ኪሶቹን አቅፎ ይይዛቸዋል። ለዚህ የሚመቸው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ቅቤው 30 ዲግሪን ሲያልፍ ወደ ፈሳሽነት ይጠጋል፤ ፈሳሽ ደግሞ ኪስ አይዝም። ስኳሩ ይሰምጣል፣ አየሩ ያመልጣል። የቀለጠውን መልሳችሁ ማቀዝቀዣ ብታስገቡትም እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ቢረጋም ውሃውና ስቡ ተለያይተዋል።

ስለዚህ በእኛ ሙቀት የክፍል ሙቀት የሚለውን ቃል እርሱት። ቅቤውን ከማቀዝቀዣ እንዳወጣችሁት በትንንሹ ቆራርጡና ወዲያው መምታት ጀምሩ፤ የክፍሉ ሙቀትና የእጃችሁ ኃይል በሁለትና በሦስት ደቂቃ ያለሰልሱታል። ስኳሩንና ዱቄቱን ከዋዜማው ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩ። የምትመቱበትን ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሰፊ ዕቃ ላይ አስቀምጡት፤ በረዶ ካለ ይበልጥ ይሆናል። መለኪያው ይህ ነው፦ ቅቤውን በጣታችሁ ስትጫኑት ምልክት ይያዝ፣ ነገር ግን አያብረቅርቅ። ማብረቅረቅ ከጀመረ ሳህኑን ለአሥር ደቂቃ ማቀዝቀዣ መልሱት። እኔ በበጋ ኬክ የምጋግረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ከተማው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ መብራቱም የመጥፋቱ ነገር ይቀንሳል።

በኤሌክትሪክ መምቻ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በእንጨት ማንኪያ ከሆነ አሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ቀለሙ ከቢጫ ወደ ነጭ ሲጠጋና ሲነኩት ቀለል ሲል ደርሷል። የአገር ውስጡ ስኳር ፍሬው ትልልቅ ከሆነባችሁ በሙቀጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ምቱት፤ ነገር ግን አታድቅቁት፣ ጠርዙ ነው የሚፈለገው። ቫኒላውን እዚህ ላይ ጨምሩ፤ የቫኒላ ሽታ በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ቅቤው ይይዘዋል።

ስለ ቫኒላ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ቫኒላ የሚገኘው ከአንድ የኦርኪድ ተክል ፍሬ ነው። ተክሉ ከትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ ሲወጣ ያብባል እንጂ አያፈራም ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት በሬዩኒዮን ኤድሞን አልቢየስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ አበባውን በእጅ ማዳቀል የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። ዛሬም የቫኒላ ገበሬዎች አበባዎቹን አንድ በአንድ የሚያዳቅሉት እርሱ ባሳየው መንገድ ነው። ከየሱቁ በትንሽ ጠርሙስ ወይም በፓኬት የምንገዛው አብዛኛው በፋብሪካ የተሠራ ቫኒሊን ነው፤ ለዚህ ኬክ በቂ ነው፣ በእርሱ አትፈሩ። መጠኑን ግን አታብዙ፤ ሲበዛ መራራ ይሆናል።

እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ፣ እያንዳንዱ እስኪዋሃድ ጠብቁ። ሊጡ እንደ አይብ ቢቆራረጥ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጣል አድርጉበት፤ ይያያዛል። ከዚያ የተነፋውን ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን ከወተቱ ጋር እያፈራረቃችሁ ጨምሩ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ አትምቱ፤ የስንዴው ፕሮቲን ከውሃ ጋር ሲታሽ ይጠነክራል፣ ያ ለዳቦ ጥሩ ነው፣ ለኬክ አይሆንም። የእኛ የፉርኖ ዱቄት ጠንከር ይላል፤ ከ250ው ግራም 30ውን በበቆሎ ስታርች ብትተኩት ኬኩ ይለሰልሳል።

ቤኪንግ ፓውደሩን ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ያልሁበትን ምክንያት ለማየት የደንገጎን ዳገት አስቡ። ሐረር ላይ ውሃ ጠጥታችሁ የላስቲኩን ጠርሙስ ባዶውን ከድናችሁ ወደ ድሬዳዋ ውረዱ። ደንገጎን አልፋችሁ ከተማው ስትደርሱ ጠርሙሱ ተጨማድዶ ታገኙታላችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የታሸገው ቀላል የሐረር አየር የድሬዳዋን ግፊት መቋቋም ስላልቻለ ነው የተጨማደደው። ሊጥ ውስጥ ያለው የአየር ኪስም እንደዚያው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለተጻፈ አዘገጃጀት የሚበቃ ቤኪንግ ፓውደር በእኛ ከፍታ ኪሶቹን ከልክ በላይ ይነፋቸዋል፤ ግድግዳቸው ሳይጠነክር ይፈነዳሉ፣ ኬኩም መሐሉ ይሰምጣል። ለዚህ መጠን በባሕር ዳርቻ ሁለት ተኩል ማንኪያ ይጠይቅ የነበረው በድሬዳዋ ሁለት፣ በሐረር አንድ ተኩል ይበቃዋል። ሐረር ላይ የምትጋግሩ ከሆነ አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ጨምሩ፣ አንድ ማንኪያ ስኳርም ቀንሱ፤ ውሃ እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ድሬዳዋ ላይ የሚፈላው 96 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሊጡ አልቋል። አሁን ለሁለት ይከፈል፤ ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰውን ለቸኮሌቱ ለዩ፣ ኮኮዋው ሲገባበት እኩል ይሆናልና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የኮኮዋውን ዱቄት እንዳለ ሊጡ ላይ ነስንሶ ያማስላል። ኮኮዋ ግን ቀለም ብቻ አይደለም። ቅባቱ በአብዛኛው ተጨምቆ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ደረቅ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ስታርችና አሰር ውሃን ከስንዴ ዱቄት በባሰ ይጠጣል። 25 ግራም ደረቅ ኮኮዋ ስትጨምሩ ከሊጡ ላይ ውሃውን እየቀማችሁት ነው። ቸኮሌቱ ክፍል ይወፍራል፣ ነጩ እንደ ቀጠነ ይቀራል፤ በሬዎቹ ተለያዩ ማለት ነው። እሳቱ ውስጥ ነጩ ሲነሣ ቸኮሌቱ ይጎተታል፣ በመካከላቸው ስንጥቅ ይከፈታል።

መፍትሔው ኮኮዋውን ለብቻው በ40 ሚሊ ሊትር ትኩስ ወተትና በአንድ ማንኪያ ስኳር ማሸት ነው። እንደ ለስላሳ ሽሮ እስኪሆን ድረስ እሹት፤ እንክብል አይተዉ። ውሃውን አስቀድሞ ስለጠጣ ከሊጡ አይሰርቅም፤ ትኩሱ ደግሞ ሽታውን ያወጣዋል። ቀዝቀዝ ሲል ነው ወደ ሊጡ የሚገባው፤ በትኩሱ ከገባ ቅቤውን ያቀልጥባችኋል። በወተቱ ፋንታ ወፍራም የሐረር ቡና የምጠቀምበት ጊዜ አለ። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ ስለሚደርቅ የፍራፍሬ ጣዕም አለው፤ ቸኮሌቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ቡና ቡና አይልም። ልጆች ለሚበሉት ግን ወተቱ ይሻላል።

ከዚያ ሁለቱን ሊጦች አመዛዝኑ። እኔ የማደርገው ይህ ነው። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ከነጩ አንድ ማንኪያ፣ ከቡናማው አንድ ማንኪያ ጎን ለጎን አስቀምጥና ሳህኑን ዘንበል አደርጋለሁ። ሁለቱ እኩል ከተንሸራተቱ ጨርሻለሁ። ቡናማው ወደ ኋላ ከቀረ አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት እጨምርበታለሁ፤ ከቀደመ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት። አንዴ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ኬኩን ስቆርጠው ቸኮሌቱ ከነጩ ተገንጥሎ እንደ ድንጋይ ከመሐሉ ወድቋል፤ ከዚያ ወዲህ ሳህኑን ሳላዘነብል መጋገሪያ ነክቼ አላውቅም።

ኮኮዋው የትኛው ይሁን? ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ተፈጥሮአዊው ነው፤ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ይኮመጥጣል። ሌላው በአልካሊ ታክሞ ኮምጣጣነቱ የጠፋለትና የጠቆረው ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሆላንዳዊው ቫን ኾውተን የተጀመረ አሠራር ነው፤ ቅባቱን ከኮኮዋ ለመጭመቅ የሚያስችለው አሠራርም በ1828 እ.ኤ.አ. በዚያው ቤተሰብ ስም ተመዝግቧል። ቤኪንግ ፓውደር የራሱን አሲድ ይዞ ስለሚመጣ በዚህ አዘገጃጀት ሁለቱም ይሠራሉ። ቀለሙ እንዲደምቅ ከፈለጋችሁ ጥቁሩን፣ የሚነካ ጣዕም ከፈለጋችሁ ቀላውን ያዙ። አዘገጃጀቱ ቤኪንግ ፓውደር ሳይሆን ሶዳ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ጥቁሩ አይሠራም፤ ሶዳ የሚነቃው በአሲድ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠጣውን የቸኮሌት ዱቄት እንዳትገዙ። አብዛኛው ስኳር ነው፤ ኬኩ ቡናማ ሳይሆን ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ስኳሩም በዝቶ ይሰምጣል። በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ስትገዙ ወይም ሱቅ ውስጥ በፌስታል ተመዝኖ ሲሸጥ ስታገኙ ትንሽ በምላሳችሁ ቅመሱ፤ የሚጣፍጥ ከሆነ ኮኮዋ አይደለም።

አሁን ወደ ማንኪያው ደረስን። መጋገሪያውን ቀብታችሁ ዱቄት ንዙበት። ሁለት ማንኪያ ነጭ፣ ሁለት ማንኪያ ቡናማ እያላችሁ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ቡናማውን በነጩ ላይ እያደረጋችሁ ሙሉት፤ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙላ። ከዚያ ቢላዋ እስከ ታች አስገብታችሁ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አንድ ዙር ዙሩ። አንድ ዙር ብያለሁ። ቢበዛ ሁለት።

ለምን እንደዚህ እንደማጠብቅ አስሉት። ሁለት ቀለም ያለውን ሊጥ አንድ ጊዜ ስታጥፉት ንብርብሩ በእጥፍ ይበዛል፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እያለ ይሄዳል። ዘጠኝ ጊዜ ስታጥፉት 1,024 ይሆናል። መጋገሪያችሁ አሥር ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ንብርብር ከሚሊ ሜትር አሥረኛ አይበልጥም፤ ዓይን ያንን አይለይም፣ የሚያየው ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ አንድ ቀለም ነው። ማማሰል ቀስ በቀስ የሚያበላሽ ይመስለን ይሆናል እንጂ የሚያበላሸው በእጥፍ እየዘለለ ነው። በዚያ ላይ ሥራው በእኛ እጅ አያልቅም። ምድጃው ውስጥ የሊጡ ዳርና ሥር ቀድሞ ይሞቃል፣ ይነሣል፣ ይጠነክራል፤ መሐሉ ገና ፈሳሽ ስለሆነ ወደ ላይ ይገፋል፣ ቀለሞቹንም አብሮ ያጥፋቸዋል። እጃችሁ የጀመረውን እሳቱ ይጨርሰዋል፤ ቦታ ተዉለት።

ለዚህ ኬክ መሐሉ ቀዳዳ ያለው መጋገሪያ እወዳለሁ። ሙቀቱ በመሐልም ስለሚገባ ቸኮሌቱና ነጩ አብረው ይበስላሉ። ከሌላችሁ ክብ መጋገሪያ መሐል ላይ ውጪው የተቀባ የቆርቆሮ ጣሳ በደረቅ አሸዋ ሞልታችሁ አቁሙ፤ ሥራውን ይሠራል። በ170 ዲግሪ በቀዳዳው መጋገሪያ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ፣ በረጅሙ የዳቦ ቅርጽ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የትንንሾቹ የኤሌክትሪክ ፉርኖዎች መዘውር ብዙ ጊዜ እውነት አይናገርም። ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በትንሽ የብረት ሳህን ስኳር አስገቡ፤ በ175 ላይ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ከቀለጠ ፉርኖአችሁ ከሚለው በላይ ይሞቃል፤ በ190 ላይ ካልቀለጠ ደግሞ ያንሳል።

መብራት ቢጠፋስ? የእህቴ ልጅ ልደት ዕለት ኬኩ 22 ደቂቃ እንደቆየ መብራት ጠፋ። ደንግጬ በሩን ከፈትሁት። ዓይኔ እያየ መሐሉ እንደ ጉድጓድ ወረደ። የሆነው ይህ ነው፦ ኬክ የሚጸናው ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥና የእንቁላሉ ፕሮቲን ሲረጋ ነው። ያ ከመሆኑ በፊት ኬኩን የያዘው ትኩስ አየር ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ኪሶቹ ይኮማተራሉ፣ የሚያቆማቸው ግድግዳ የለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በምንም ምክንያት በሩን አትክፈቱ፣ መብራት ቢጠፋም። ከ35 ደቂቃ በኋላ ከሆነ የጠፋው፣ በሩን ሳትከፍቱ ለሃያ ደቂቃ ተዉት፤ በያዘው ሙቀት ይጨርሰው ይሆናል።

ፉርኖ የሌለው ቤትም ኬክ አይከለከልም። ድፎ ዳቦ የጋገረች እናት ከላይና ከታች እሳት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ኬኩም የሚፈልገው ያንኑ ነው። ወፍራም ድስት ውስጥ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል የታጠበ፣ የተነፋና ፍጹም የደረቀ አሸዋ አድርጉ። የአሸዋ ችግር የለብንም። ከድናችሁ መካከለኛ ከሰል ላይ ሩብ ሰዓት አሙቁት፣ መጋገሪያውን አሸዋው ላይ አስቀምጡ፣ የብረት ክዳን ከድናችሁ ላዩ ላይ ጥቂት ፍም አድርጉ። አሸዋው ከሥር የሚመጣውን እሳት ይበትነዋል፤ ያለ እርሱ ሥሩ ሲያር ላዩ ጥሬ ነው። ከላይ ያለው ፍም ከታቹ ያነሰ ይሁን። ይህን ግን በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ሥሩ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ይገድላል።

መድረሱን በስንጥር እዩ። ስንጥሩን ነጩም ቡናማውም ባለበት ሁለት ቦታ ውጉ፤ ቡናማው በቀለሙ ያታልላል፣ ጥሬው የበሰለ ይመስላል። ጥቂት ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ በቂ ነው። ፍጹም ደርቆ እስኪወጣ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል።

ሲወጣ አሥር ደቂቃ በመጋገሪያው ይቆይ፣ ከዚያ አውጡትና ነፋስ ከሥሩ የሚያልፍበት ነገር ላይ አሳርፉት። በትኩሱ አትቁረጡት፤ ቢላዋው ቡናማውን በነጩ ላይ ይቀባዋል። በትኩሱ በፌስታል ከሸፈናችሁት ደግሞ ያልበዋል። በእኛ ሙቀት ከሁለት ቀን በላይ ውጪ አይቆይም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስታርቹ ቶሎ ስለሚጠነክር በደንብ ጠቅልላችሁ አስገቡት፣ ከመብላታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት። የሚቆይ ከሆነ ፍሪዘር ይሻላል፤ ቆራርጣችሁ ብታስቀምጡት ሲቀልጥ እንደ ትናንቱ ነው።

ሐረር ላለች አክስቴ በወር አንዴ እልክላታለሁ። የላስቲክ ሳህኑን ክዳን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼ የላክሁት ጊዜ ዳገቱ ላይ አብጦ ክዳኑ ተከፍቶ ደርሷል፤ አሁን አንዱን ጥግ ትንሽ ከፍቼ በንጹሕ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ።